ወደ ሦስት ሀገሮች የሚገባ ኩባንያ ማትሪክስ መዋቅር ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ «ኩባንያችን 180 ሠራተኞች አሉት። የውሃ ፓምፕና የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ እናመርታለን። ከሽያጫችን 8 በመቶው ወደ ውጭ የሚሄድ ሲሆን እስካሁን የምንሸጠው በወኪሎችና በአከፋፋዮች በኩል ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በራሳችን ስም ሦስት ሀገሮች ውስጥ ለመግባት ወስነናል። አማካሪያችን የማትሪክስ መዋቅር እንድንዘረጋ መክሮናል፤ የየሀገሩ ሥራ አስኪያጅ ተጠሪነቱ ለቀጠና ኃላፊውም ለምርት ዘርፍ ኃላፊውም ይሆናል ማለት ነው። ይህ ያዋጣናል? ካላዋጣስ ሥራ አስኪያጁ ተጠሪነቱ ለማን ይሁን?»

ምላሽ፦

ማትሪክሱን ለአሁኑ ተዉት። የሀገር ሥራ አስኪያጁ አንድ አለቃ ብቻ ይኑረው፤ እሱም በቀጥታ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ተጠሪ የሆነ የዓለም አቀፍ ሥራ ክፍል ኃላፊ ይሁን። ከመዋቅር ሥዕሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ግን ማን ምን እንደሚወስን በጽሑፍ መለየት ነው። ወደ ውጭ የሚወጡ ኩባንያዎች ጣጣ በአብዛኛው የሚጀምረው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

አንድ ኩባንያ ብዙ ዓይነት ምርት በብዙ ሀገር ሲሸጥ ሁለት ግፊት ይገጥመዋል። የምርት ዘርፉ ኃላፊ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት አምርቶ ወጪ መቀነስ ይፈልጋል። የሀገሩ ኃላፊ ደግሞ ዕቃው፣ ዋጋውና አገልግሎቱ ለገበያው እንዲስማማ ይፈልጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ከባድ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ ይዘዋል። ማትሪክስ ለሁለቱም እኩል ሥልጣን ሰጥቶ እንዲደራደሩ የሚያስገድድ መዋቅር ነው። ድርድሩ ግን በነፃ አይመጣም፤ ስብሰባ ይበዛል፣ ሪፖርት ይደራረባል፣ ውሳኔ ይዘገያል፣ ሳይስማሙ ሲቀሩም የሚዳኝ ከፍተኛ ኃላፊ ጊዜውን ያጠፋል። ከሽያጫችሁ 92 በመቶው ሀገር ውስጥ ሆኖ ሳለ የሚመዛዘኑ ሁለት ወገኖች የሉም። በወረቀት እኩል የተባለው የቀጠና ኃላፊ ፋብሪካውን ከያዘው ኃላፊ ጋር ሲጋጭ ይሸነፋል፤ ሥራ አስኪያጁም የማይገጥሙ ሁለት ትእዛዞች ታቅፎ ይቀራል።

የማትሪክስ ዋና ምሳሌ ሆኖ የኖረው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አምራቹ ኤቢቢ ነው። የስዊድኑ አሴአና የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቬሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲዋሃዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፔርሲ ባርኔቪክ ድርጅቱን ወደ 1,300 ገደማ ኩባንያዎችና ወደ 5,000 ገደማ የትርፍ ማዕከላት (ትርፍና ኪሳራቸው ለብቻ የሚሰላ ክፍሎች) ከፋፈለው፤ የየኩባንያው ኃላፊም ለሀገሩም ለሥራ ዘርፉም ተጠሪ ሆነ። ያን ሁሉ አንድ ላይ አስሮ የያዘው አባከስ የተባለው የሪፖርት ሥርዓት ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል በየወሩ ውጤቱን በአንድ ዓይነት ቅጽና በአንድ መገበያያ ገንዘብ ይልክ ነበር። እንዲህም ሆኖ ተተኪው ጎራን ሊንዳል እ.ኤ.አ. በ1998 ማትሪክሱን አፍርሶ በዓለም አቀፍ የሥራ ዘርፎች አደራጀው። አባከስን የመሰለ የወር ሪፖርት ሳይኖር ማትሪክስ መዘርጋት ጭቅጭቅን በመዋቅር ማጽደቅ ነው።

ለእናንተ ደረጃ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቆየ ግን ዛሬም የሚጠቅም መለኪያ አለ። ጆን ስቶፕፎርድና ሉዊስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ጥናት ሁለት ነገሮችን ተመለከቱ፤ በውጭ ገበያ የሚሸጠው ምርት ምን ያህል የተለያየ ነው? ከጠቅላላው ሽያጭስ የውጩ ድርሻ ምን ያህል ነው? ሁለቱም ዝቅተኛ ሲሆኑ ኩባንያዎቹ የሚይዙት አንድ የዓለም አቀፍ ክፍል ነው። የምርቱ ዓይነት ሲበዛ ወደ ዓለም አቀፍ የምርት ዘርፍ ይሸጋገራሉ፤ ምርቱ ጥቂት ሆኖ የውጩ ሽያጭ ድርሻ ሲያድግ በቀጠና ይደራጃሉ። ማትሪክስ የሚነሳው ሁለቱም ከፍ ሲሉ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ጉዳዩን አወሳስበውታል፤ መንገዱ ለሁሉም አንድ አለመሆኑንም አሳይተዋል። ሁለት ተቀራራቢ ምርትና 8 በመቶ የውጭ ሽያጭ ያለው ኩባንያ ግን የት እንደሚወድቅ አያከራክርም።

የዓለም አቀፍ ክፍሉ ትንሽ ይሁን። ለመነሻ አራት ሰው ይበቃል፤ ኃላፊው፣ ውልና የጭነት ሰነድ የሚይዝ ሰው፣ ምርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ የቴክኒክ ድጋፍ መሐንዲስ፣ እና አንድ የፋይናንስ ባለሙያ። መሐንዲሱን ከውጭ አትቅጠሩት፤ ከራሳችሁ ፋብሪካ አዛውሩት። ስልክ ደውሎ «ይህን ትእዛዝ ዛሬ አስገቡልኝ» ሲል የሚሰማው ሰው ያስፈልጋል። ክፍሉን በሀገር ውስጥ ሽያጭ ኃላፊ ሥር ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። የወሩ ኮታ ያልሞላለት የሽያጭ ኃላፊ ዕቃ ሲያጥር ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

የዚህ መዋቅር ዋና ድክመትም ያው ነው፤ ክፍሉ ይሸጣል እንጂ አያመርትም። የውጭ ትእዛዝ መጠኑ አነስተኛ፣ ዓይነቱ የተዘበራረቀ፣ ሰነዱ ብዙ ስለሆነ የፋብሪካው ሰዎች ወደ ኋላ ይገፉታል። ክፋት ሆኖ አይደለም፤ የሚለኩት በቀን ባወጡት ብዛት ስለሆነ ነው። ማሳሰቢያ ደብዳቤ ይህን አይፈታውም። የሚፈቱት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ በየወሩ የምርት ዕቅድ ውስጥ ለውጭ ትእዛዝ የተለየ ድርሻ ይያዝ፤ ለመላኪያው ቀን አራት ሳምንት እስኪቀር ድረስ ካልተሞላ ብቻ ለሀገር ውስጥ ይለቀቅ። ሁለተኛ፣ የውጭ ትእዛዝ በቀኑ መድረሱ የፋብሪካው ኃላፊ የሚመዘንበት ነጥብ ይሁን። ሦስተኛ፣ በአስተዳደር ሒሳብ ላይ የውጩ ሽያጭ ትርፍ ለፋብሪካውም ለዓለም አቀፍ ክፍሉም ሙሉ በሙሉ ይመዝገብ። ድርብ ምዝገባው ለኦዲት የሚቀርበው ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱ ወገኖች በትርፍ ክፍፍል እንዳይነታረኩ ብቻ ይረዳል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መሞከር ካለባችሁ ሁለተኛውን ምረጡ።

አሁን ወደ ውሳኔ ሥልጣን። በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ላይ የውሳኔዎቹን ዓይነት ወደ ታች፣ ወሳኞቹን ወደ ጎን ጻፉ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ወሳኝ ብቻ ይኑር፤ ሌላው ወይ ይማከራል ወይ ይነገረዋል። ሁለት ወሳኝ የተጻፈበት መስመር ወሳኝ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው የምርት መለኪያ (ስፔሲፊኬሽን) ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በ50 ኸርዝ ኃይል እንዲሠራ የተነደፈ ፓምፕ 60 ኸርዝ ባለበት ሀገር ሲሰካ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚገፋው ውሃ መጠንም በዚያው ልክ ያድጋል፤ የሚያደርስበት ከፍታ ግን በ44 በመቶ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ በ73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ወይ የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል ዲያሜትር መቀነስ፣ ወይ ሞተሩ በትልቅ መተካት አለበት። ይህን የሀገር ሥራ አስኪያጅ ደንበኛ ፊት ተቀምጦ ሊወስነው አይችልም። መለኪያ፣ የዋስትና ዘመንና የደኅንነት ማረጋገጫ የፋብሪካው የምህንድስና ክፍል ውሳኔ ይሁኑ። ነገር ግን መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥለት፤ ለተለመደ ጥያቄ 3 የሥራ ቀን፣ አዲስ ስሌት ለሚፈልግ 10 የሥራ ቀን። የጊዜ ገደብ ያልተጻፈለት የማዕከል፣ ማለትም የዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሥልጣን ሽያጭ ይገድላል።

ዋጋን በተመለከተ መነሻውን የዋጋ ዝርዝር ማዕከሉ ያውጣ፤ የሀገር ሥራ አስኪያጁ እስከ 10 በመቶ ቅናሽ በራሱ ይስጥ፤ እስከ 18 በመቶ ያለውን የዓለም አቀፍ ክፍሉ ኃላፊ ይፍቀድ፤ ከዚያ በላይ ያለው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዘንድ ይድረስ። ቁጥሮቹን እንደ ትርፍ ህዳጋችሁ አስተካክሉ፤ ደረጃው መኖሩ ግን አይቅር። የዱቤ ገደብ ደግሞ ለሽያጭ ሰው አይሰጥም፤ የፋይናንስ ውሳኔ ነው። ቅጥር፣ የቢሮ ኪራይ፣ ማስታወቂያ፣ የአነስተኛ ነጋዴዎች ምርጫ በጸደቀው በጀት ውስጥ እስከሆኑ ድረስ ለሥራ አስኪያጁ ይተዉ። በእነዚህ ላይ የሚጨናነቅ ማዕከል ጎበዝ ሰው አይበረክትለትም።

ነፃነት ሲበዛ ምን እንደሚሆን የሆላንዱ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የፊሊፕስ ታሪክ ያሳያል። የየሀገሩ ድርጅቶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከማዕከሉ ተቆራርጠው ሲሠሩ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ ኃይላቸው እንዳለ ቆየ። ኩባንያው ቪዲዮ 2000 የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ሥርዓት ሲያወጣ የሰሜን አሜሪካው ፊሊፕስ አልሸጥም ብሎ በተቀናቃኙ በቪኤችኤስ ሥርዓት የተሠራ፣ ከጃፓኑ ማትሱሺታ የገዛውን ማጫወቻ በራሱ ስም ሸጠ። የአሜሪካው ድርጅት ከራሱ ገበያ አንጻር ምክንያት ነበረው፤ በዓለም ደረጃ አንድ ሥርዓት ይዞ መውጣት ለሚፈልግ ኩባንያ ግን ትልቁን ገበያ ማጣት ነበር። በእናንተ ሥራ ለዚህ የሚቀርበው የሀገር ሥራ አስኪያጁ ርካሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከአካባቢው ገዝቶ ከፓምፓችሁ ጋር አጣምሮ ሲሸጥ ነው። ዋስትናው የማን ነው? ይህን አስቀድማችሁ በሠንጠረዡ ላይ ጻፉት።

በየሀገሩ ያለው ቡድን ለመነሻ ሦስት ሰው ይሁን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ አንድ የቴክኒክ ሰው፣ አንድ የሒሳብ ሰው። ሥራ አስኪያጁን ከዚያው ሀገር ብትቀጥሩ እመርጣለሁ። ከማዕከል የሚላክ ሰው በቤት ኪራይ፣ በልጆች ትምህርት ቤት፣ በጉዞና በግብር ማካካሻ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ወጪ ያስወጣል፤ ገበያውንም ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል። የአካባቢው ሰው ድክመት ማዕከሉን አለማወቁ ነው፤ ይህም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ወር ፋብሪካው ውስጥ በማሳለፍ ይካካሳል። የቴክኒክ ሰውን ግን ለመጀመሪያው ዓመት ከፋብሪካ መላክ ይጠቅማል። ሲላክ የሚመለስበት ቀንና ሲመለስ የሚይዘው ቦታ በደብዳቤ ይሰጠው፤ ያለዚያ ልምዱን ይዞ ሌላ ቀጣሪ ዘንድ ይሄዳል።

የሒሳብ ሰው ላይ አንድ ብቻ ልዩ ሁኔታ አደርጋለሁ። የዕለት ሥራውን የሚያዝዘው ሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ ቅጥሩ፣ ስንብቱና የሒሳብ አሠራሩ ግን በማዕከሉ ፋይናንስ ኃላፊ እጅ ይሁኑ። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ሠሪውን ማሰናበት ከቻለ ማዕከሉ የሚደርሰው ቁጥር ሥራ አስኪያጁ እንዲደርስ የፈለገው ቁጥር ይሆናል።

የሕጋዊው መዋቅርና የአስተዳደር መዋቅሩ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው፤ አማካሪያችሁ አደባልቋቸው ከሆነ ለዩአቸው። ቅርንጫፍ መክፈት፣ ንዑስ ኩባንያ ማቋቋም ወይም ከአካባቢ ባለሀብት ጋር የጋራ ኩባንያ መመሥረት የኃላፊነትና የግብር ጥያቄ ነው። ቅርንጫፍ የእናንተው አካል ስለሆነ ዕዳውም የእናንተ ነው፤ ንዑስ ኩባንያ በመርህ ደረጃ ዕዳው በራሱ ካፒታል ይወሰናል። ፓምፕ ተክሎ ዋስትና የሚሰጥ ሥራ የካሳ ክስ ስለሚያስከትል ንዑስ ኩባንያውን እመርጣለሁ።

ኩባንያ ሳታቋቁሙም ግን ግብር ከፋይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አብዛኞቹ ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነቶች የተቀዱት ከኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ወይም ከተባበሩት መንግሥታት የስምምነት ሞዴል ነው። በኦኢሲዲው ሞዴል የግንባታ ወይም የተከላ ሥራ ከ12 ወር ሲበልጥ በዚያ ሀገር «በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት» እንዳላችሁ ይቆጠራል፤ በተባበሩት መንግሥታቱ ሞዴል ግን ገደቡ 6 ወር ነው። በእናንተ ስም ዘወትር ውል የሚፈጽም ወኪል ወይም ሠራተኛም ያንኑ ሊያስከትል ይችላል። ትልልቅ ፓምፖች በደንበኛ ግቢ የምትተክሉ ከሆነ ለሦስቱም ሀገሮች በመጀመሪያ ስምምነት መኖሩን፣ ከዚያም ገደቡ ስንት ወር እንደሆነ አረጋግጡ። የተከላ መዝገብ ላይ ቡድኑ የገባበትና የወጣበት ቀን ይያዝ፤ ክርክር ሲነሣ የሚያድናችሁ ያ ነው።

ፋብሪካው ለራሱ ንዑስ ኩባንያ የሚሸጥበት የማሸጋገሪያ ዋጋ ለማይዛመድ ገዢ ሊጠየቅ ከሚችለው ጋር መመጣጠን አለበት፤ የሁለቱም ሀገሮች ግብር ሰብሳቢዎች ይህን ይመረምራሉ። የአስተዳደር አደጋው ግን ሌላ ነው። ለግብር የተቆረጠው ዋጋ ሥራ አስኪያጁ የሚመዘንበት ከሆነ ሽያጩን ትቶ በማሸጋገሪያ ዋጋው ላይ ሲሟገት ይውላል። ስለዚህ እሱን ከፋብሪካ ወጪ እስከ መጨረሻው ደንበኛ ባለው ጠቅላላ ትርፍ መዝኑት፤ የግብር ዋጋው ለሒሳብ ክፍሉ ይቅር። ትርፉ በምን መንገድና ከምን ተቀናሽ በኋላ ወደ እናንተ እንደሚመለስ ከመግባታችሁ በፊት ከባንክና ከግብር አማካሪ በጽሑፍ መልስ አግኙ።

ሦስቱን ሀገሮች በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። የመጀመሪያው ሁለት ሩብ ዓመት ሒሳቡን በወቅቱና ያለ ትልቅ እርማት ሲዘጋ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ገብቶ በጥድፊያ 133 መደብሮች አደረሰ፤ በጥር 2015 ደግሞ ሁሉንም እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች ትልቁ የአቅርቦት ችግር ነበር። በአዲሱ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው የዕቃ መረጃ፣ የካርቶን ልኬትን ጨምሮ፣ በስህተት የተሞላ ስለነበር መጋዘኖቹ ተጨናንቀው መደርደሪያዎቹ ባዶ ቀሩ። በእናንተ መጠን ይህ ማለት እያንዳንዱ ፓምፕና መለዋወጫ በሁሉም ሀገር አንድ ኮድ፣ አንድ የመለኪያ አሃድ፣ ትክክለኛ የጉምሩክ ምድብ ቁጥርና የማሸጊያ ክብደት እንዲኖረው ማድረግ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ወር ሊፈጅበት ይችላል፤ ከመዋቅር ሥዕሉ ግን አሥር እጥፍ ይጠቅማል።

ይህ አደረጃጀት ለዘላለም አይደለም። የውጭ ሽያጩ ከጠቅላላው ሩብ ሲያልፍ፣ የዓለም አቀፍ ክፍሉ ኃላፊ በቀጥታ የሚመራቸው ሀገሮች ከስድስት ሲበልጡ፣ ወይም የፓምፑና የሰሌዳው ደንበኞች በውጭ ገበያ ጨርሰው የተለያዩ ሲሆኑ እንደገና ተቀመጡ። ለውጡን ደግሞ በአንድ ጊዜ አታራግፉት። የቤት ፍጆታ ዕቃዎች አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል እ.ኤ.አ. በ1999 የትርፍ ኃላፊነትን ከአራት ቀጠናዎች አንሥቶ ለሰባት ዓለም አቀፍ የምርት ዘርፎች ሲሰጥ ብዙ ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ ቦታና አለቃ ቀየሩ። ትርፉ ከተጠበቀው በታች ሆነ፤ አክሲዮኑ ወደቀ፤ ለውጡን የጀመሩት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዱርክ ያገርም በ2000 ለቀቁ። ተተኪያቸው ኤ. ጂ. ላፍሊ መዋቅሩን አላፈረሱትም፤ ፍጥነቱን አረገቡት። ሐሳቡ ሳይሆን ጥድፊያው ነበር የጎዳው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ያሉትን ወኪሎች ውል አውጥታችሁ አንብቡ። ዕቃውን ከእናንተ ገዝቶ የሚሸጥ አከፋፋይና በእናንተ ስም ደንበኛ አፈላልጎ ኮሚሽን የሚቀበል ወኪል በብዙ ሀገሮች ሕግ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የንግድ ወኪሎች መመሪያ ወኪልን ለማሰናበት በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ የ1 ወር፣ በሁለተኛው የ2 ወር፣ ከሦስተኛው ጀምሮ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ያዝዛል። ከዚያም ሌላ ወኪሉ ላስገኛቸው ደንበኞች እስከ አንድ ዓመት አማካይ ኮሚሽን የሚደርስ ክፍያ፣ ወይም እንደ ሀገሩ ሕግ የጉዳት ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። በሌሎች ሀገሮች ወኪሉ በመንግሥት መዝገብ ከሰፈረ እሱን ሳያሰርዙ ዕቃ ማስገባት እንኳ ሊያስቸግር ይችላል። የሦስቱንም ሀገሮች ውል ለየሀገሩ ጠበቃ አሳዩ፤ ወጪውንም በመግቢያ በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ወኪሉ ጥሩ ሰው ከሆነ ከማሰናበት ይልቅ የሀገሩ ሥራ አስኪያጅ ወይም በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ አከፋፋይ አድርጎ ማስቀረትንም አስቡ። ቢሮ ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የሚያውቁት እሱን ነውና ድርድሩ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ይለቅ።